የገመዱ ሦስተኛ ዙር

ከትምህርት ቤት ወጥቼ ቁልቁል ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ምንጩ ዘንድ ኦሬስቴን ከበቅሎው ጋር ሲጨቃጨቅ አገኘሁት። በቅሎዋ ሰው አቅፎ የማይጨርሰውን፣ ካስታኛ የሚባል የጠንካራ ዛፍ ግንድ በድንጋይ ንጣፉ ላይ እየጎተተች መጥታ፣ ከዚህ ወዲያ ንቅንቅ አልልም ብላለች። ኦሬስቴን ላብ አጥምቆታል። በዕድሜም በሙያም ግንድ ጎታች የሚባል ሰው አይደለም፤ ገመደኛ ነው። ነጩ እብነ በረድ ከተራራችን ሲወርድ፣ ከላይ ሆኖ በገመድ የሚይዘውና ቀስ እያለ የሚለቀው እሱ ነው። ስለዚህ ነገሩ ገርሞኝ ቆምኩ።

«ምነው ኦሬስቴ፣ ቤት ሊሠሩ ነው?»

«ምሰሶ ነው መምህር። ገመዱን የምጠመጥምበት።»

«የድሮው ምን ሆነ?»

«ቀጠነ።»

«ደረቅ እንጨት ይቀጥናል?»

«ሰው ሲያወራበት ይቀጥናል» አለና የበቅሎዋን ጀርባ በመዳፉ መታ አደረገ። «የወንድሜ ልጅ ሦስት ዙር ይጠምጥሙ ይለኛል። ለእኔ። ሰው በተሰበሰበበት። እኔ ደግሞ ሁለቱን ዙሬን ሳልነካ ምሰሶውን እጥፍ አደርገዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን እንከን ሊያወጣ ነው?»

አንባቢ ይህን ቁጣ እንዲረዳው የመንደራችንን ጠባይ መንገር አለብኝ። ድንጋዩ የሚወርደው በሳሙና በተለሰኑ አግዳሚ እንጨቶች ላይ እየተንሸራተተ ነው። አንድ ሰው ከድንጋዩ ፊት ሆኖ እንጨቱን ያነጥፋል። ገመደኛው ከላይ ሆኖ፣ ድንጋዩ የታሰረበትን ገመድ መሬት በተተከለ ምሰሶ ላይ ጠምጥሞ ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ታዲያ ገመዱ ስንት ጊዜ እንደሚጠመጠም የሚወስነው መንገዱ ሳይሆን ቤተሰቡ ነበር። ባለ አንድ ተኩል የሚባሉ አሉ፤ ባለ ሁለት የሚባሉ አሉ። ዙር ባነሰ ቁጥር ገመዱ እጅ ላይ ይከብዳልና፣ ያነሰው የጀግና ነው። የኦሬስቴ ቤት ከአባቱ ጀምሮ «ባለ ሁለት ዙሮቹ» ይባላል፤ ሠርግ ላይ እንኳ የሚጠሩት እንዲያ ተብለው ነው። ለእነሱ ሦስተኛ ዙር መጨመር ምርኩዝ ተደግፎ ለጭፈራ መውጣት ነበር።

ሌላው ነገር ቅናት ነው። ሊቤሮ የሚባለው የወንድሙ ልጅ፣ አባቱ አንሴልሞ ድንጋይ ሲወርድ ሞቶበት፣ በኦሬስቴ ቤት ያደገ ነው። ካደገ በኋላ ወደ ካራራ ከተማ ወርዶ የሙያ ትምህርት ቤት ገባ፤ ስለ ኃይልና ሁለት ነገር ሲፋተግ ስለሚይዘው ሰበቃ ተምሮ ተመለሰ። ከተመለሰ ወዲህ የኦሬስቴ ሚስት ኢሶሊና «ሊቤሮ እንዳለው» ሳትል ሾርባ አትቀምስም። ልጃቸው ኔሎ ከሊቤሮ ጎን አይጠፋም። የድንጋይ ማውጫው አለቃ ይባስ ብሎ፣ «ቅዳሜ በአዲሱ መንገድ የመጀመሪያውን ድንጋይ ስናወርድ ምሰሶው ዘንድ ሊቤሮ ቢቆምስ?» ብሎ ኦሬስቴን ራሱን ጠየቀው። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ የበላው አይስማማውም፤ ሊቤሮ በበሩ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል።

እኔም ብሆን ንጹሕ አልነበርኩም። ያንኑ ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬዋለሁ። ተዳፋት ሥያለሁ፣ ቀስት ሥያለሁ፣ «እዚህ ጋ ስበት ነው፣ እዚህ ጋ ሰበቃ ነው» ብያለሁ፤ ተማሪው መስኮት መስኮቱን ያያል። ይህ ጎረምሳ ግን አፉን ሲከፍት መንደሩ ጸጥ ይላል። እንዴት አልቀና? ኦሬስቴ ግንዱን ወደ ቤቱ ሲያዞር እኔም ተከተልኩት። በቅሎዋን ላግዝ አልነበረም፤ ሊቤሮ ሲረታ ማየት አማረኝ።

የኦሬስቴ ግቢ የወይን ዳስ አለው። ዳሱን ከአንድ ወገን የተሸከመው ወፍራም የካስታኛ ምሰሶ ነው፤ ከሌላው ወገን ክንድ የማያህሉ ቀጫጭን ቋሚዎች አሉት። ሁሉም የሰው ጀርባ ሲደገፋቸው ኖሮ ለስልሰዋል። ከሥሩ ኔሎና ሊቤሮ ተቀምጠው ዳቦ፣ በጨው የሰነበተ የአሳማ ስብና ሽንኩርት ይበላሉ። ኢሶሊና ግንዱን ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጫካውን ነቅለህ መጣህ?»

«ምሰሶዬ ነው።»

«ሊቤሮ እንዳለው እኮ ውፍረቱ ምንም…»

«እንዳለው፣ እንዳለው። በዚህ ቤት እኔ ያልኩት ነገር የለም?»

«አንተ ያልከውማ አለ። ሌላ ምን እንሰማለን።»

ሊቤሮ ከመቀመጫው ተነሳ። «አጎቴ፣ እዚህ ይቀመጡ።»

«ይኸው፤ በገዛ ቤቴ ተቀመጥ የሚለኝም መጣ» አለ ኦሬስቴ፤ ግን ተቀመጠ።

ወሬው ሳይበርድ እኔ ገባሁበት። «ሊቤሮ፣ አጎትህ ዕድሜውን ሁሉ በሁለት ዙር ሲያወርድ አንድ ድንጋይ አምልጦት አያውቅም። አንተ በምን ማስረጃ ነው ሦስት የምትለው?» አልኩት። ጥያቄዬ የመምህር ይመስል ነበር፤ ልቤ ግን የመምህር አልነበረም።

«በአሮጌው መንገድ ሁለት ይበቃል፤ አጎቴ ትክክል ናቸው» አለ ሊቤሮ። «አዲሱ ግን ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው።»

«ቀጥ ማለቱን አይቻለሁ፤ ዓይን አለኝ» አለ ኦሬስቴ። «ለዚህ ነው ምሰሶ ያወፈርኩት። ድንጋዩም ከባድ ነው፤ ከባድ ድንጋይ ቶሎ ይነሳል። ስለዚህ ሳሙናውን እቀንሳለሁ። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ በሥራ ላይ እንጂ በሰሌዳ ላይ አይደለም።»

የሰሌዳው ነገር እኔንም እንደሚነካ ገባኝ።

«ከባዱ ከቀላሉ ቀድሞ ይነሳል ነው የሚሉት?» አለ ሊቤሮ።

«ታዲያስ። የከበደ ነገር መውረድ ይወዳል።»

ሊቤሮ በሩን የሚያስደግፉባትን ትንሽ የእብነ በረድ ቁራጭ አነሳ፤ ኢሶሊና ልብስ የምታሸበትን ትልቁንም አመጣ። ሁለቱም ከታች በመጋዝ የተላጉ ናቸው። ረጅም ሳንቃ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸውና «ኔሎ፣ ከታች ሆነህ ያዛቸው። ለእያንዳንዱ አንድ እጅ» አለው።

«ትልቁ ይቀድማል» አለ ኦሬስቴ። «ካልቀደመ የወይኑን ጠርሙስ እከፍታለሁ።»

«የትኛውን? የደበቅከውን?» አለች ኢሶሊና።

ሊቤሮ የሳንቃውን ጫፍ ቀስ እያለ አነሳ። ድንጋዮቹ ዝም አሉ። ጥቂት ሲጨምር አሁንም ዝም አሉ። ከዚያ ሁለቱም ባንድ ላይ ተነሥተው ወረዱ። ትንሿ የኔሎ ግራ መዳፍ ላይ ደርሳ ቆመች። ትልቁ ቀኝ እጁን ገፍቶ፣ ከሳንቃው አልፎ የኢሶሊና የሽንኩርት ሣህን ውስጥ ገባ። ኔሎ ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከተተ።

«ሣህኔን» አለች ኢሶሊና።

ኦሬስቴ ግን የሚያየው ሣህኑን አልነበረም፤ የልጁን እጅ ነበር።

«አሁን ያየነውን እንየው» አለ ሊቤሮ ቀስ ብሎ። «ምድር ትልቁን አብልጣ ትስበዋለች፤ እውነት ነው። ክብደት የምንለው ያንን ስበት ነው። ግን ትልቁ ሳንቃውንም አብልጦ ይጫነዋል፤ በተጫነው ልክ ደግሞ ሰበቃው ይይዘዋል። አንዱ በጨመረ መጠን ሌላውም ይጨምራልና፣ ሁለቱም የተነሡት ሳንቃው እኩል ሲጋደል ነው። የሚወስነው የመንገዱ ቁልቁለትና የሳሙናው ልስላሴ ነው እንጂ ክብደቱ አይደለም።»

«ታዲያ ካልቀደመ ከባዱን ለምን እንፈራዋለን?» አለ ኔሎ ጣቱን እያሻሸ።

«መነሣታቸው እኩል ነው። ማቆማቸው ነው እኩል ያልሆነው። ውስጡ ያለው መጠነ ቁስ ሲበዛ፣ አንዴ ከሄደ በኋላ ለማስቆም የሚጠይቀው ኃይልም የዚያኑ ያህል ይበዛል። ግራ እጅህን ጠይቀው፤ ቀኝህንም ጠይቀው። ደግሞ ሌላም አለ። ድንጋይ ቆሞ ሳለ እንጨቱ ጠበቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ ከተነሣ በኋላ ግን የሚይዘው ሰበቃ ያንሳል። ለዚህ ነው ቆሞ ሲታይ የዋህ የሚመስለው።»

«ይህንስ አውቃለሁ» አለ ኦሬስቴ ሳይወድ። «አንዴ ከተነሣ ሌላ ፍጥረት ነው። እጄ ያውቀዋል።»

እኔ ተዳፋቱን በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሣልኩ አሰብኩ። አንድ የሽንኩርት ሣህን ነበር የጎደለኝ።

«ጠርሙሱ ይከፈት» አለች ኢሶሊና።

«ቆይ። ይህ የድንጋዩ ነው። የምሰሶው ነገር ገና ነው» አለ ኦሬስቴ። «ወፍራም ምሰሶ ገመዱ ብዙ ቦታ ይነካዋል። ብዙ ቦታ የነካ ብዙ ይይዛል። ይህን ደግሞ ማንም አያስተባብለኝም። ለዚህ እኮ ነው መንደሩ ሁሉ የካስታኛ ምሰሶ የሚያወፍረው።»

ሊቤሮ ሊመልስ ሲል ኢሶሊና ቀደመችው። ከግድግዳው ገመድ አወረደችና «ነገር አታብዙ። አንተ ጎትት፣ እኔ ልያዝ» አለችው ባሏን። እሷ የመንደሩ ቀጭን ሴት ናት፤ እሱ ትከሻው በር ይሞላል። እኔን ዳኛ አደረጉኝ።

መጀመሪያ ገመዱን በዳሱ ወፍራም ምሰሶ ጀርባ አሳልፈው ግማሽ ዙር ብቻ አደረጉት። ኦሬስቴ ሲጎትት ኢሶሊና ጫማዋ በድንጋይ ንጣፉ ላይ እየተንሸራተተ እስከ ምሰሶው ሄደች። ቀጥሎ በቀጭኑ ቋሚ ላይ ያንኑ ግማሽ ዙር ሞከሩ። እንደገና ሄደች፤ በዚያው መጠን፣ በዚያው ልፋት።

«በቀጭኑ ላይ ቀለለኝ» አለ ኦሬስቴ።

«መምህር?» አለ ሊቤሮ።

መዋሸት እችል ነበር። አራቱም ያዩኛል። «እኩል ነው» አልኩ፤ ማለቱ ደስ አላለኝም።

ከዚያ ኢሶሊና ራሷ ገመዱን ቀጭኑ ቋሚ ላይ ሦስት ጊዜ አዞረችው። ጫፉን በሁለት ጣት ያዘች፤ በሌላ እጇ ከጠረጴዛው ዳቦ አነሣች። ኦሬስቴ ጎተተ። የዳሱ ቅጠል ተንቀጠቀጠ። እግሩን ንጣፉ ላይ ተክሎ፣ ደም ሥሩ እስኪገታተር ጎተተ። ሚስቱ ዳቦዋን ታኝካለች።

«ጎትት እንጂ» አለችው። «ጀመርክ?»

«እያታለላችሁኝ ነው።»

«አጎቴ፣ የያዙዎት እሳቸው አይደሉም፤ ሰበቃው ነው» አለ ሊቤሮ። «ገመዱ እንጨቱን ባቀፈ ቁጥር ይጫነዋል፤ ሲጫነው ይያዛል። ምሰሶው ሲወፍር ገመዱ የሚነካው ቦታ ይረዝማል፤ እውነትዎን ነው። ነገር ግን በዚያው ልክ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ የሚጫነው ይሳሳል። ስለዚህ የውፍረቱ ትርፍ ዜሮ ነው። ዙሩ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ዙር የድንጋዩን ጉተታ ወደ ስድስተኛ እጁ ያወርደዋል እንበል። ሁለተኛው ከዚያ ላይ ስድስተኛውን ብቻ ይተዋል። ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ ስድስተኛውን። ዙር የሚሠራው በመደመር አይደለም፤ በማባዛት ነው።»

ኦሬስቴ ገመዱን ለቀቀ። ለመሸነፍ ግን ገና ነበር፤ የሚያውቀው ሥራ ነውና ደካማውን ቦታ አገኘው።

«ሦስት ዙር ያንቃል። ገመዱ አልሄድም ይላል፤ ድንጋዩ መሐል መንገድ ላይ ይተኛል፤ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይገፋዋል። ይህን ትምህርት ቤት ነግረውሃል?»

«አልነገሩኝም። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ረባዳው ላይ ዙር ያውጡ፤ ቀጥ ሲል ይጨምሩ። ሲዘንብና እንጨቱ ሲያሟልጭ ይጨምሩ። ዙሩ የመንገዱ ነው እንጂ የቤተሰቡ አይደለም።»

ሽማግሌው ቀይ የነበረው ፊቱ አመድ መሰለ።

«በለው» አለ። «ጥርስህን ሳታበቅል ያጎረስኩህ እኔ ነኝ። አሁን ልጄ የሚያየው አንተን ነው። ሚስቴ የምትሰማው አንተን ነው። አለቃው የሚጠራው አንተን ነው። ምሰሶዬንም ውሰድ፤ ስሜንም ውሰድ። እኔ ምን ቀረኝ? የምቀናብህ ይመስልሃል? እቀናብሃለሁ። በእግዜር ፊት እቀናብሃለሁ።»

«ምሰሶውን አልፈልገውም አጎቴ። ለአለቃውም የእርስዎ ነው ብዬዋለሁ። ቅዳሜ ከድንጋዩ ፊት እንጨት የሚያነጥፈው ኔሎ ነው። እኔ የማስበው ያንን ብቻ ነው።»

ኦሬስቴ ልጁን አየ፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ። ሲናገር ድምፁ ሌላ ሆነ።

«የቁራ ጥርስ የሚባለው ቁልቁለት ላይ… ዝናብ ነበር። አባቴ ምሰሶው ላይ ሁለት ዙር ነበረው። አንሴልሞ ከፊት ነበር።» ወደ ሊቤሮ ዞረ። «ሦስት ቢሆን ኖሮ አባትህ ይተርፍ ነበር?»

ሊቤሮ ዓይኑን ወደ ገመዱ መለሰ። ይህን ጥያቄ በዚያ ቤት ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ ኢሶሊና እንኳ ዳቦዋን አስቀመጠች።

«ተናገር እንጂ። አንተ የተማርክ ነህ።»

«ይተርፍ ነበር» አለ ሊቤሮ።

«እንግዲያው አባቴ ወንድሜን ገደለው። ሦስት ዙር ጠምጥም ስትለኝ ይህን እመን ማለትህ ነው። ለዚህ ነው እንቢ የምልህ፤ ለሌላ አይደለም።»

ቅናቱ ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ፤ አፈርኩም። ሊቤሮ ከሽማግሌው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ።

«አያቴ አያውቁም ነበር አጎቴ። ያላወቀ ሰው ገዳይ አይባልም። እኔ አባቴን የገደለብኝ ሰው አለ ብዬ አድጌ አላውቅም፤ እርስዎም ያንን አላስተማሩኝም። ግን እርስዎ ከዛሬ ጀምሮ ያውቃሉ።»

ኦሬስቴ ተነሥቶ ወደ ቤት ገባ። ተቆጥቶ የሄደ መስሎን ነበር። የደበቀውን ጠርሙስ ይዞ ወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ እሱ ግን አልጠጣም።

ቅዳሜ ቀን መንደሩ ሁሉ ወደ ተራራው ወጣ። ሌሊቱን ካፍያ ጥሎ ስለነበር አዲሱ መንገድ ያብረቀርቃል። ወፍራሙ ግንድ ከግቢው አልወጣም፤ ኦሬስቴ የቆመው በድሮው ምሰሶ አጠገብ ነው። ገመዱን አንድ ጊዜ አዞረ። ሁለት ጊዜ አዞረ። ጫፉን በእጁ ይዞ ጥቂት አሰበና ሦስተኛውን ጠመጠመ።

ከባለ አንድ ተኩሎቹ ወገን አንዱ አላስቻለውም። «ኦሬስቴ፣ አረጁ እንዴ?»

«እኔ አላረጀሁም፤ መንገዱ ነው ቀጥ ያለው» አለ ሽማግሌው ሳይዞር። ሊቤሮ ከጎኔ ነበር፤ ፊቱን ወደ ሸለቆው አዞረ።

ድንጋዩ ጉዞ ጀመረ። ኔሎ ከታች «ልቀቅ» ሲል ኦሬስቴ ይለቃል፤ «ያዝ» ሲል ይይዛል። የሳሙናው ሽታ እስከ እኛ ይደርሳል። እስከ መሐል ድረስ መልካም ሄደ። ከዚያ ከድንጋዩ ሥር ያለው አንዱ እንጨት ተሰነጠቀ፤ ድንጋዩም ወደ ፊት ዘለለ። ኔሎ ወደ ኋላው ሊሸሽ ሲል በሳሙናው አዳልጦት በጀርባው ወደቀ፤ እግሮቹ በድንጋዩ መንገድ ላይ ቀሩ።

ገመዱ ምሰሶው ላይ ጮኸ። ምሰሶው ጭስ አወጣ። ድንጋዩ ሄደ፣ ዘገየ፣ ከኔሎ ጫማ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ኔሎ ተነሥቶ እጁን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ፤ በሕይወት መኖሩን ከድንጋዩ የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

ኦሬስቴ ገመዱን እንደያዘ ነው። መዳፉ አልተላጠም፤ ሁለት ዙር ቢሆን ኖሮ በመዳፉ ውስጥ ሥጋ ባልቀረ፣ ገመዱም ባልቀረ።

«ሊቤሮ» አለ። «ና።»

ሊቤሮ ሮጠ።

«ያዝልኝ። እጄ እንቢ አለኝ። ሦስቱን እንዳትነካቸው።»

ሊቤሮ ገመዱን ተቀበለው። ሽማግሌው ተዳፋቱን እየተንሸራተተ ወርዶ ልጁን በአንገቱ ያዘው፤ አልሳመውም፣ አልተቆጣውም፤ ዝም ብሎ ያዘው። ድንጋዩን እስከ መጫኛው ያወረደው ሊቤሮ ነው። ያን ዕለት ኦሬስቴ ምሰሶውን በገዛ እጁ ሰጠ፤ ሰኞ ደግሞ ሊቤሮ መልሶ ሰጠው።

ከዚያ ወዲህ በመንደራችን የሆነውን ልናገር፤ ይህን ታሪክ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። በመንገዱ ዳር ባሉት ቋጥኞች ላይ፣ በየቁልቁለቱ ስንት ዙር እንደሚያስፈልግ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጓል፤ ሲዘንብ አንድ ይጨመራል። ሳሙናውም የሚለካው በመንገዱ እንጂ በድንጋዩ ክብደት አይደለም። ወፍራም ካስታኛ መቁረጥ ቀርቶ ጫካው አርፏል። ጉልበቱ የደከመ ገመደኛም ቤቱ አይቀመጥም፤ ሰበቃ ስለሚያግዘው ሥራውን በክብር ይዞ ይኖራል። ከድንጋዩ ፊት የሚቆሙትን ልጆች ሚስቶቻቸውም እናቶቻቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ አዘጋጅተው ይጠብቋቸዋል፤ ቀድሞ ይጸልዩ ነበር። ይህ ሁሉ የመጣው ሰው ከአባቱ የተረከበውን ሥራ ሳይንቅ መርምሮ ስላየው ነው።

ወፍራሙን ግንድ ኦሬስቴ ለትምህርት ቤቴ ሰጠው፤ ተሰንጥቆ አግዳሚ ወንበር ሆነ። ሽማግሌው አንዳንድ ጊዜ ገመድ ይዞ ይመጣና ለተማሪዎቼ ስለ ኃይልና ስለ ሰበቃ ይነግራቸዋል። መስኮቱን የሚያይ የለም። ከበሩ አጠገብ ቆሜ ስሰማ ቅናቱ ዛሬም ቅጥል ያደርገኛል፤ ሆኖም አላቋርጠውም። ትምህርቱን የሚጀምረው ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነው። ገመዱን የጠረጴዛዬ እግር ላይ እየጠመጠመ እንዲህ ይላቸዋል፦

«የአንሴልሞን ድንጋይ የያዘው ሁለት ዙር ነበር፤ አልበቃም። የኔሎን የያዘው ሦስት። በሉ አሁን ጻፉ።»